የቤንዚን ዋጋና የኦጋዴን ጋዝ፦ ከጉድጓዱ በፊት ውሉ ይከፈት

(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለተሰበሰቡ የቂርቆስና የካዛንቺስ መራጮች ያሰሙት ንግግር ሙሉ ቃል)


የቂርቆስና የካዛንቺስ ነዋሪዎች፣
ውድ መራጮች፣

የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ እኛን ለመስማት በመምጣታችሁ በፓርቲያችን ስም ከልብ እናመሰግናለን። በተለይም ትናንት የካዛንቺስ ሰው የነበራችሁ፣ ሰፈራችሁ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች የሄዳችሁ፣ ዛሬም ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየራችሁ ወደ ቀድሞ ሰፈራችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን ምስጋናችን ለእናንተ እጥፍ ድርብ ነው። የዛሬው ንግግራችንም የሚጀምረው እዚህ ለመድረስ ለረዳቱ ከከፈላችሁት ብር ነው።

በእጃችሁ ያለው የምርጫ ማኒፌስቶ ብዙ ምዕራፎች አሉት። ስለ መሬት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሰላም በየቦታው ተናግረናል፤ ገና እንናገራለን። ዛሬ ግን አንዱን ብቻ እናንሣ። እርሱም የነዳጅ ዋጋ ንረትና፣ ከእርሱ ጋር እየተያያዘ የሚነሣው «የራሳችን ነዳጅ አለን፣ ይውጣና እንረፍ» የሚለው ክርክር ነው። በዚህ ጉዳይ ሕዝባችን ለብዙ ዓመታት ተስፋ ተሰጥቶታል እንጂ ሒሳብ አልቀረበለትም። እኛ ዛሬ የመጣነው ሒሳቡን ለማቅረብ ነው።

ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን

ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ ወጣቶቹም ከታሪክ መጽሐፍ አንብባችሁታል። በ1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የጊዜው መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ጭማሪው ከእኛ ኪስ አይወጣም ብለው የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ዕለት አድማ መቱ፤ ተማሪውም ተከተለ። መንግሥት ዋጋውን በከፊል ለመቀነስ ቢገደድም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። የካቲት ሳይወጣ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ይህን የምናነሣው ማንንም ለሁከት ለመቀስቀስ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ስለ ቤንዚን ዋጋ የሚጠይቅበት፣ መልስ ያልሰጠውን ባለሥልጣን የሚያወርድበት የምርጫ ካርድ አልነበረውም። ለዚህ ነው ጥያቄው በጎዳና የተነሣው። እኛ የምንለው ያው ጥያቄ ዛሬ በካርድ ይጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። አዲስ አበባ በቤንዚን ዋጋ ስትናወጥ፣ በእነዚያው ዓመታት፣ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን ካሉብ በተባለው ሥፍራ ቆፍሮ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። ቀጥሎም በሂላላ ተገኘ። እንግዲህ አስተውሉ፤ የቤንዚን ውድነትና የአገር ውስጥ ነዳጅ ተስፋ በአንድ ዘመን የተወለዱ መንታ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ውድነቱ በየጊዜው እየጎለመሰ ቤታችን ገብቷል። ተስፋው ግን ከካሉብ ተነሥቶ ካዛንቺስ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል።

በመካከሉ ስንት ኩባንያ መጣ፣ ስንት ሪባን ተቆረጠ! በደርግ ዘመን የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች መጥተው ብዙ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ ሄዱ። በ1999 ዓ.ም. የማሌዢያው ፔትሮናስ ካሉብንና ሂላላን ተረከበ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለቆ ወጣ። በ2003 ዓ.ም. ፔትሮ ትራንስ የተባለ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ውል ፈረመ፤ በዓመቱ ውሉ ተሰረዘ። በ2006 ዓ.ም. የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ገባ። ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ደረጃ መውጣት መጀመሩ በቴሌቪዥን ተበሠረ፤ እልል ተባለ። በ2015 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የዚያው ኩባንያ ውል መቋረጡን የማዕድን ሚኒስቴር አስታወቀ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ከፖሊ ጂሲኤል ባለቤቶች አንዱ የነበረው የጎልደን ኮንኮርድ ቡድን የሠራው የካሉብ ፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በሌላ አቅጣጫም በጋምቤላ ተቆፍሯል፤ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ቱሎው የተባለው ኩባንያ ቆፍሯል፤ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ግን አልተገኘም።

አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። እኛ ላሟ የለችም አንልም። ላሟ አለች። በ2014 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ አጥኚ ድርጅት በኦጋዴን 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ መኖሩን አረጋግጧል ተብሎ በመንግሥት ተነግሯል። ጥያቄያችን ማን ያልባታል፣ በምን ውል ያልባታል፣ ወተቱስ የማን ነው የሚል ነው።

ሊትሩ ለምን ተወደደ?

አሁን ወደ ማደያው እንሂድ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት አጠቃላይ ድጎማውን ማንሣት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ያው 2017 ዓ.ም. ሳይወጣ 120 ብር አለፈ። በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በካሉብ አንድ ጉድጓድ ስለተቆፈረ ወይም ስላልተቆፈረ የሆነ ነገር የለም። ታዲያ ምን ሆነ?

የአገራችን ቤንዚንና ናፍጣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተጣርቶ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በቦቴ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ቀድሞ አሰብ ላይ ማጣሪያ ነበረን። እርሱም በ1989 ዓ.ም. ገደማ ተዘጋ፤ ከጦርነቱም በኋላ ወደቡ ራሱ ለእኛ ተዘጋ። ስለሆነም የምንገዛው ድፍድፉን ሳይሆን የተጣራውን ነው፤ የምንገዛውም በዶላር ነው። ለዚህም አገሪቱ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ታወጣለች።

የዶላሩን ነገር ልብ በሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር በላይ ሆነ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አብራችሁን አስሉ። በዓለም ገበያ የአንድ ሊትር ዋጋ 70 የአሜሪካ ሳንቲም ነው እንበል። በ57 ብር ምንዛሪ ስናሰላው 40 ብር ሊሞላ 10 ሳንቲም ይቀረዋል። በ130 ብር ስናሰላው 91 ብር ነው። በዓለም ገበያ አንዲት ሳንቲም ሳትጨምር፣ የማጓጓዣውና የነጋዴው ሳይደመር፣ ሊትሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ማደያው ላይ የምንከፍለው የዓረብ አገር ነዳጅ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የብራችንም መድከም ዋጋ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል መንግሥት የሚለውንም እንናገር። የቀድሞው አጠቃላይ ድጎማ ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ሲሳይ ሆኖ ነበር፤ ርካሹ ቤንዚን በጀሪካንና በበርሜል ድንበር ይሻገር ነበር፤ ትልቅ መኪና የሚነዳው ሀብታም በታክሲ ከሚሄደው ድሃ ይበልጥ ይጠቀም ነበር። ይህ እውነት ነው። እኛም ወደዚያ አሠራር እንመለስ አንልም። ነገር ግን የታለመ ድጎማ ተብሎ በ2014 ዓ.ም. ለሚኒባስ፣ ለአውቶቡስና ለባጃጅ የተሰጠው ቃል፣ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲቀንስ የተሳፋሪውን ኪስ የሚጠብቅ ሌላ ነገር አልተተካበትም። ድጎማው ለተሽከርካሪ ታለመ፤ ለሰው ግን አልታለመም።

ይህ በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰው ላይ ምን እንዳደረሰ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ካዛንቺስ ጀበና ቡና የምትሸጥ እናት ቤቷ ከሥራዋ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። ሆቴል የሚያስተናግደው ወጣት፣ ልብስ ሰፊው፣ የጉልት ነጋዴዋ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። ለእነርሱ የቤንዚን ዋጋ የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር። ሰፈሩ ሲነሣ ግን ደንበኞቻቸው እዚህ ቀሩ፤ እነርሱ ዳር ወጡ። አንድ ሰው በቀን አራት ጊዜ ታክሲ ቢሳፈር፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ፣ 104 ጊዜ ይሳፈራል። በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ 5 ብር ብቻ ቢጨመር በወር 520 ብር ነው። ባልም ሚስትም ሠራተኛ ከሆኑ 1,040 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ከልጅ ደብተር፣ ከዘይት፣ ከጤፍ ላይ የሚቀነስ ነው። ጤፉም በበኩሉ በአይሱዙ ተጭኖ ስለሚመጣ ናፍጣውን ተሸክሞ ነው ቤታችን የሚገባው።

ኢሕአዴግም ሆነ ብልጽግና ዋጋ በጨመሩ ቁጥር የዓለም ገበያን ይጠራሉ። የዓለም ገበያ በእርግጥ አለ። የዓለም ዋጋ በወረደ ጊዜ ግን በማደያው ላይ በምን ያህል መውረድ እንደነበረበት ለሕዝብ በሊትር ተሰልቶ ሲቀርብ አላየንም። የምንጠይቀው ይህንን ነው።

የካሉብ ጋዝ ሚኒባስ ይነዳል?

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። «የራሳችን ነዳጅ ሲወጣ ቤንዚን ይረክሳል» የሚለውን ተስፋ በየሻይ ቤቱ እንሰማዋለን። እኛም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። ባለፈው ምርጫ በበተንነው በራሪ ወረቀት ላይ የአገር ውስጥ ነዳጅ ሲወጣ የኑሮ ውድነቱ ይረግባል ብለን ጽፈን ነበር። ሳናሰላ የጻፍነው ነበር። ዛሬ እናንተ ፊት ቃላችንን እናርማለን፤ ሌላው ሲሳሳት የምንጮኽ ሰዎች የራሳችንን ስሕተት መደበቅ አይገባንም።

ስሌቱ ይህ ነው። በ2010 ዓ.ም. የተበሠረው የሙከራ ምርት በቀን 450 በርሜል ነበር። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ጠቅላላው 71,550 ሊትር ይሆናል። ተሳቢ ያለው አንድ ቦቴ ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ይይዛል። ስለዚህ አገር ሙሉ እልል ያለበት የቀን ምርት ሁለት ቦቴ አይሞላም ነበር። ያውም ድፍድፍ እንጂ ቤንዚን አልነበረም።

በ2018 ዓ.ም. የተመረቀው የካሉብ ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የሚሰጠው ጉልበት ከአንድ ሊትር ናፍጣ ስድስት አሥረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ 111 ሚሊዮኑ ወደ 66 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ ይጠጋል። አገራችን በዓመት የምትፈጀው ነዳጅ ደግሞ ከ3 ቢሊዮን ሊትር በላይ ነው። እንግዲህ የምንነጋገረው ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ስለሚሆን ነገር ነው። ከዚህም ሌላ ጋዝ በቤንዚን ታንክ አይገባም። ለጋዝ የተሠራ ወይም የተቀየረ ሞተር፣ ብርዱን የሚጠብቅ ታንከርና የራሱ ማደያ ይፈልጋል። በምረቃው ወቅት ስለ ሁለተኛው ምዕራፍና ጎዴ ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን ድፍድፍ ስለሚያጣራ ፋብሪካም ተነግሮናል። ይሁን፤ ይሳካ እንላለን። ይሁን እንጂ የመሠረት ድንጋይ ነዳጅ አያጣራም።

ነዳጅ ማውጣት ብቻውን ቤንዚን እንደማያረክስ የሌሎችን ታሪክ ማየት ይበቃል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1956 ነዳጅ አገኘች፤ ከአፍሪካ ታላላቅ አምራቾች አንዷ ሆነች። ነገር ግን የመንግሥት ማጣሪያዎቿ በብልሹ አስተዳደር ስለተሽመደመዱ ለብዙ ዓመታት ድፍድፏን እየሸጠች ቤንዚን ከውጭ ስትገዛ ኖረች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ድጎማ ሲነሣ የሌጎስ ሰው የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲተኮስ አየ። ትልቁ የግል ማጣሪያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2006 ነዳጅ አገኘሁ ካለች በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ስትጠብቅ ኖራለች። ከመሬት በታች ያለው ሀብት ከመሬት በላይ ያለውን አስተዳደር አይተካም።

ታዲያ አይቆፈር ማለታችን ነው? አይደለም። ይቆፈር። የራስ ሀብት ተቀብሮ ድሃ ሆኖ መኖር ጽድቅ አይደለም። ጋዙ ከቤንዚኑ ይልቅ ለሌላ ነገር ይበጃል፤ ማዳበሪያ ይሠራበታል፣ ምግብ ይበሰልበታል፣ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ከባድ መኪኖች ይነዱበታል። በዚህ የሚድነው ዶላር ብዙ ነው። እኛ የምንቃወመው ቁፋሮውን ሳይሆን በጨለማ መቆፈሩን ነው።

ውሉ የት አለ?

ሕግ የተማርን ሰዎች አንድ ልማድ አለብን፤ ነገር ሲወሳሰብ ሰነዱን እንጠይቃለን። ስለ ካሉብና ስለ ሂላላ ጋዝ የምንጠይቀውም ሰነዱን ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 89 መንግሥት ይህን ሀብት በሕዝብ ስም እንዲይዝ ግዴታ ጥሎበታል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ዜጎች በመንግሥት እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የማዕድንና የነዳጅ ገቢ ግልጽነት ዓለም አቀፍ ማዕቀፍን በዕጩነት ተቀላቅላለች። ያ ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሚፈረሙ ውሎች እንዲታተሙ ይጠይቃል።

በተራ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ ቤት ያከራየ ሰው የኪራይ ውሉን የማየት መብት አለው። እኛ ሕዝቡ አከራዮቹ ነን። ሆኖም የካሉብና የሂላላ ውሎች ሙሉ ቃል ታትሞ ተራው ዜጋ በሚያነበው መልክ ሲቀርብ አላየንም። የመንግሥት ድርሻ ስንት ነው? ኩባንያው ወጪዬ ይህን ያህል ነው ሲል ማን ያጣራል? ውሉ በ2015 ዓ.ም. ሲቋረጥ ማን ምን ካሠ? ሥራው እንደገና ሲጀመርስ በምን አዲስ ቃል ተጀመረ? በደርግ ዘመን ስለ ነዳጅ ሥራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 295/1978 ሥርዓት ተሻግሮ የኖረ ሕግ ነው። ሕጉ ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው ሲሸጋገር ምስጢራዊነቱም አብሮ ተሸጋግሯል።

ውል ቢታተም ባለሀብት ይሸሻል የሚሉ አሉ። ጋና የነዳጅ ውሎቿን በሕዝብ መዝገብ ታትማለች። በመታተሙ የፈረሰ ውል ግን አልሰማንም። የሚሸሸው ባለሀብት ከሆነ፣ የሚሸሸው ለምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

የዚህ ምስጢር ዋጋ በገንዘብ ብቻ አይለካም። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል አቦሌ በተባለው ሥፍራ የነዳጅ ፍለጋ ሠራተኞች ሠፈር በታጣቂዎች ተጠቅቶ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። እንዲህ ያለውን ግፍ በጥብቅ እናወግዛለን፤ ምንም ዓይነት ቅሬታ ሠርቶ አደርን ለመግደል ምክንያት አይሆንም። ግን ከሥፍራው ሕዝብ ጋር ሳይመክሩ በወታደር አጥር ውስጥ ብቻ ሀብት ማውጣት ሰላም እንደማያመጣም ያ ቀን አስተምሮናል። በ2012 ዓ.ም. በካሉብ አካባቢ ያሉ አርብቶ አደሮች ውሃችን ተመረዘ፣ በማናውቀው በሽታ ታመምን ማለታቸው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተዘግቧል። መንግሥት ክሱን አልተቀበለውም። እውነቱን የሚለየው በገለልተኛ ባለሙያ የሚደረግና ለሕዝብ የሚታተም ምርመራ ነው። የካዛንቺስ ሰው ስለ ልማት ሲባል ከቀዬው መነሣትን ያውቃል። የካሉብ አርብቶ አደር የሚለውን ለመረዳት ከማንም በላይ የቀረበው እርሱ ነው።

ምን እናደርጋለን?

ቤንዚንን በዚህ ብር እናወርዳለን አንልም። እንዲህ የሚል ፓርቲ ቢመጣባችሁ ዶላሩን ከየት እንደሚያመጣ ጠይቁት። እኛ ልንፈጽመው የምንችለውን አምስት ነገር ቃል እንገባለን። መንግሥት ለመመሥረት የሚያበቃ ወንበር ባናገኝ እንኳ እነዚህን በረቂቅ ሕግና በጥያቄ መልክ ምክር ቤት ይዘን እንገባለን።

አንደኛ፣ ውሉ ይከፈታል። ማንኛውም የነዳጅና የጋዝ ውል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀርብና ሙሉ ቃሉ ሳይታተም እንዳይጸና የሚያደርግ ሕግ በመጀመሪያዎቹ መቶ ቀናት እናቀርባለን። ከዚህ በፊት የተፈረሙትም እንዲታተሙ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ ሊትሩ ደረሰኝ ይኖረዋል። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር የዓለም ዋጋው፣ ምንዛሪው፣ የጅቡቲ ወደብ ክፍያው፣ የቦቴው ኪራይ፣ የኩባንያው ትርፍ፣ የማደያው ትርፍና የመንግሥት ግብር በየመስመሩ ተዘርዝሮ በየማደያው በር ላይ እንዲለጠፍ እናደርጋለን። የዓለም ዋጋ ሲወርድ ሊትሩ ካልወረደ ምክንያቱ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል።

ሦስተኛ፣ ባቡሩ ይጠገናል። በቂርቆስ መሐል፣ በስታዲየም፣ በመስቀል አደባባይና በለገሃር በኩል የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። በመለዋወጫ እጦት ለዓመታት ከግማሽ የማይሞሉት ብቻ ሲሠሩ ቆይተዋል። ይህ ባቡር ቤንዚን አይጠጣም፤ የሚሄደው በራሳችን ኤሌክትሪክ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። አንደኛው መስመር እስከ ቃሊቲ ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ገላን ጉራ የሚያገናኝ የከተማ አውቶቡስ ቢመደብና ባቡሮቹ ቢጠገኑ፣ ከካዛንቺስ የተነሣው ሰው ሥራውን ሳይለቅ መኖር ይችላል። ለቂርቆስ ሰው ቅርቡ የነዳጅ ጉድጓድ ካሉብ ሳይሆን የቆመው ባቡር ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲታገድ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛው አቅም ያለው ነው። እኛ ኤሌክትሪኩ አቅም ለሌለውም ይድረስ እንላለን።

አራተኛ፣ ጋዙና ኢታኖሉ በሥርዓት ሥራ ላይ ይውላሉ። የካሉብ ጋዝ በቅድሚያ ለማዳበሪያ፣ ለማብሰያና በጅቡቲ መንገድ ለሚመላለሱ ከባድ መኪኖች እንዲውል እናደርጋለን። በ2001 ዓ.ም. ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የተገኘ ኢታኖል ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር በመቶ አምስት፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ አሥር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። የተቀላቀለው እያንዳንዱ ሊትር ያህል ዶላር አድኗል። ይህን የመሰለ በእጃችን ያለ ነገር ችላ ተብሎ የሩቁ መናፈቁ ትክክል አይደለም።

አምስተኛ፣ ሀብቱ ያለበት ሕዝብ ድርሻውን ያገኛል። አንቀጽ 43 በልማት ጉዳይ ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ፣ አንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘው ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራሉና የክልሎች የጋራ እንዲሆን ይደነግጋሉ። ይህ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ገቢው በየዓመቱ በዋና ኦዲተር ተመርምሮ እንዲታተም እናደርጋለን።

ውድ መራጮች፣

ይህ ሁሉ ሰፊ ተስፋ አይመስልም። በአንድ ሌሊት ሀብታም አያደርገንም። ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ተስፋ አንድ ሊትር ቤንዚን እንዳላረከሰልን አይተናል። ካዛንቺስ ስትፈርስ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብላችኋል። በነዳጁም ነገር ኋላ ከመቆጨት አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ስለዚህ በምርጫው ቀን ካርዳችሁን ስትይዙ አንድ ጥያቄ ያዙ። እኛንም፣ ገዥውን ፓርቲም፣ ሌላውንም እጩ «ውሉን ታሳየናለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ብሎ በጽሑፍ የሚፈርመውን ምረጡ። እኛ ፈርመናል፤ ፊርማችን በዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ምክር ቤት ገብተን ካላደረግነው በዚሁ ወረቀት ያዙን።

በተቀየረ ሰፈር የምትመዘገቡ ወገኖቻችን የምርጫ ጣቢያችሁ የት እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ስለተዘዋወራችሁ ድምፃችሁ መንገድ ላይ እንዳይቀር። ሁላችሁም በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ምረጡ፣ የሌላውንም ምርጫ አክብሩ።



ኢትዮጵያ በልጆቿ ጥረት ለዘላለም ትኑር!